የተሰባበረው ጅራታም ኮከብ

ሽቫስማንና ቫኽማን የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በ1922 ዓ.ም. በሐምቡርግ ሆነው ያገኙት፣ ፀሐይን በአምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሚዞረው ጅራታም ኮከብ፣ በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ አካሉ ከተከፋፈለ በኋላ፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም. ወደ ምድር 12 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቦ ሲያልፍ፣ ከ60 የሚበልጡ ስባሪዎቹ ፊትና ኋላ ተከታትለው ሲጓዙ ታዩ።

መተዳደሪያቸው ሌላ ሆኖ ሌሊታቸውን ለሰማየ ከዋክብት የሰጡ ሰዎች፣ ክርናቸውን በአጥር ላይ አስደግፈው በባለ ሁለት ዓይን መነጽር የፈለጉት፣ ሊቃውንቱ ስም ማውጣት የታከታቸው ይመስል “ቢ” እና “ሲ” ብለው በፊደል ብቻ የጠሯቸውን ሁለቱን ደማቅ ስባሪዎች ነበር። የታያቸውም እንደ ዕጣን ጢስ የሳሳ፣ በማግሥቱ ሌሊት ግን ከከዋክብት መካከል ስፍራውን ለቅቆ የሚገኝ ብርሃን ነው።

“ቢ” ዳግመኛ በተሰበረ ጊዜ ድንገት መድመቁ፣ ተሰውሮ የኖረው በረዶ ለፀሐይ ተገልጦ ወደ ተን በመለወጡና ትቢያውን ይዞ በመውጣቱ፣ ትቢያውም የፀሐይን ብርሃን በማንጸባረቁ ነው። ይሁን እንጂ ስባሪዎቹ እጅግ በቀረቡበት ሰሞን ጨረቃ ሙሉ ሆና ወጥታ፣ ያን ስስ ብርሃን ከብዙ ተመልካቾች ዓይን ጋረደችው።