ማሽኑ የማይጠራጠረው ቁጥር

አንደኛ አቅራቢ፦ የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ መሠረት ኩባንያዎች የሒሳብ መግለጫቸውን ኮምፒውተር በሚያነበው ኤክስቢአርኤል ያቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር መለያ ይለጠፍበታል። ስህተቱ የሚሾልከውም እዚሁ ላይ ነው። ንብረት ለመግዛት የወጣን ገንዘብ ውሰጂ፤ ወጪ ነውና ገጹ ላይ በቅንፍ ይጻፋል። መለያው ግን በራሱ «ክፍያ» ስለሚል ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክት መግባት አለበት። የሒሳብ ሠራተኛው ቅንፉን አይቶ ምልክቱን ከጨመረ፣ ማሽኑ የወጣውን ገንዘብ እንደ ገባ ያነበዋል። ሰው ቢያየው ይነቃበት ነበር፤ ብዙ ሪፖርት በአንዴ የሚያግበሰብስ ፕሮግራም ግን አይጠራጠርም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ድምሩ አልገጠመም የተባለ ሁሉ ስህተት አይደለም። 10.4 ሚሊዮንና 10.4 ሚሊዮን ሲደመር 20.8 ሚሊዮን ነው፤ ሦስቱንም ስታጠጋጋ 10 እና 10 ተደምረው 21 ሆነው ቁጭ ይላሉ። በዚህ ኩባንያን መውቀስ ግፍ ነው። ደግሞስ ኦዲተር የለም እንዴ?

አንደኛ አቅራቢ፦ የማጠጋጋቱን እቀበላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዲሱ የኤክስቢአርኤል የስሌት መስፈርት ግን ያንን ልዩነት ከእውነተኛው ስህተት ስለሚለይ ማመካኛነቱ አብቅቷል። ኦዲተሩንማ የአሜሪካ ደንብ መለያዎቹን እንዲመረምር አያስገድደውም፤ ፊርማው የሚያርፈው ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እንግዲያው ፍተሻው ሪፖርቱ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ተንታኞች ሁሉ ያንኑ ስህተት ለየብቻ ከሚያርሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የአሜሪካ የኤክስቢአርኤል መረጃ ጥራት ኮሚቴ የፍተሻ ሕጎቹን በነጻ ይሰጣል፤ ያለቦታው የገባ የመቀነስ ምልክትንም ይይዛሉ።