ያገለገለ ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ የኮምፒውተር ነገር ልጅ ያለውን ቤት ሁሉ ያሳስባል። ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ልጁ በትንሽ ስክሪን ላይ አጎንብሶ ሲውል ያያል። ሞኒተር ልግዛ ሲል አዲሱ ይወደድበትና ወደ መርካቶ ይወርዳል። ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም። እንዲያውም በአንድ ዋጋ ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ ከውጭ አገር ቢሮ የወጣ ዴል ወይም ኤችፒ እመርጣለሁ፤ የብዙዎቹ ማቆሚያ ከፍና ዝቅ ስለሚል ለልጅ አንገት ይመቻል።

ታዲያ ሻጩ የሚከፍትላችሁ ቪዲዮ ነው፤ ባሕር፣ አበባ፣ የሚበር ወፍ። በሚንቀሳቀስ ምስል ላይ ጉድለት በቀላሉ አይታይም፤ ልጃችሁ ቤት የሚያየው ደግሞ በአብዛኛው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ላፕቶፕና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ክፈቱና «ጸ»ን ከ«ጹ»፣ «ሀ»ን ከ«ሁ» በክንድ ርቀት ለዩ። ከደበዘዘ መጀመሪያ ሪዞሉሽኑን እዩ፤ 1920 በ1080 ፒክስል ሆኖ የተሠራ ሞኒተር ከዚያ ባነሰ ልክ ሲከፈት ጥራቱን ያጣል። ተስተካክሎም ካልጠራ ተዉት። «ትልቁን ውሰዱ» ለሚላችሁም፣ 27 ኢንቹ የ24ቱን ያህል ፒክስል ብቻ ካለው ፊደሉ ይሰፋል እንጂ አይጠራም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሚሊዮን ለአንድ ኮንትራስት አትስሙ፤ የማስታወቂያ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር ገጽ ክፈቱ። የሞተ ነጥብ፣ ጥላና የጠርዝ ቢጫነት የሚጋለጠው ያኔ ነው። የተመረተበት ዓመት ብዙ ጊዜ ከኋላው ተለጥፏል። በጣም የቆዩት የሚበሩት በቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ስለሆነ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ቱቦው ውስጥም ሜርኩሪ አለ፤ ሲጣል መድረሻው ያው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚታይ ችግርም ስላለ ሻይ እስክትጠጡ በርቶ ይቆይ።

ብዙ ሰው የሚከስረው ግን በኬብል ነው። የቢሮ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ቪጂኤና ዲስፕሌይ ፖርት አለው፤ ኤችዲኤምአይ ላይኖረው ይችላል። የልጃችሁ ላፕቶፕ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ገበያ ላይ ያለው ተራ የዲስፕሌይ ፖርትና የኤችዲኤምአይ ኬብል የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ወጥቶ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ላይ ሲገባ ነው፤ ገልብጣችሁ ብትሰኩት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ኮንቨርተር ግን ይሠራል። የእሱን ዋጋ ከሞኒተሩ ጋር ደምራችሁ ተከራከሩ። ድምፅ ማውጫ የሌለው ሞኒተርም ብዙ ነው።



ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፎ ታያላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ያለ ደረሰኝ ክርክሩ ይከብዳል፤ የሞኒተሩ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍላችሁ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ጠይቁ።