ለምገባ ማብሰያ ቤታችን ስንት ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን አሥር ደቂቃ ብቻ ስለሰጡኝ በቀጥታ እገባለሁ። ከአጀንዳዎቻችን አንዱ ለትምህርት ቤቱ ምገባ ማብሰያ ቤት የጋዝ ምድጃ እንግዛ የሚል ነው። እደግፋለሁ። አብሳይ እናቶቻችንን ጭስ ምን እንዳደረጋቸው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በቀረበልን የዕቃ ዝርዝር ላይ ምድጃ አለ፣ ሲሊንደር አለ፣ የጋዝ ጎማ አለ፤ አየር የለም። እኔ ከአገር ከመውጣቴ በፊት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ አሁን እዚህ ጀርመን የጋዝ ማሞቂያ እጠግናለሁ። ስለዚህ አየሩን ልቁጠርላችሁ።

ሲሊንደር ውስጥ ያለው የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ለሒሳቡ ሁሉንም ቡቴን አድርገን እንያዘው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። 2 ቡቴን ሲቃጠል 13 ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚወጣው 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 የውሃ እንፋሎት ነው። የጋዝ ሒሳብ ደስ የሚለው፣ ሙቀቱና ግፊቱ እኩል ከሆነ እነዚሁ ቁጥሮች የሊትር ቁጥሮችም መሆናቸው ነው። ይህን ሐሳብ ጣሊያናዊው አቮጋድሮ በ1811 እንደ ፈረንጆቹ አቅርቦታል። ስለዚህ 1 ሊትር ቡቴን 6.5 ሊትር ኦክስጅን ይጠይቃል። ከአየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ስለሆነ 31 ሊትር አየር ማለት ነው።

ጋዝ የምንገዛው ግን በኪሎ ነው። 1 ሞል ቡቴን 58 ግራም ስለሚመዝን፣ 1 ኪሎው 17.2 ሞል ነው፤ በ6.5 ሲባዛ 112 ሞል ኦክስጅን ይሆናል። በባሕር ጠለል፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ 1 ሞል ጋዝ 24 ሊትር ይይዛል። በአየር ሲሰላ 12.8 ሜትር ኩብ ይመጣል።

አገራችን የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 0.74 ያህል ነው። ግፊት ሲቀንስ ጋዝ ይሰፋል፤ 24ቱ ሊትር 32.4 ይሆናል። ያው 1 ኪሎ ጋዝ ደሴ ላይ 17.3 ሜትር ኩብ አየር ይበላል። ቤቱ በፕላኑ ላይ 4 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ነው፤ 30 ሜትር ኩብ። በቀን 4 ኪሎ ቢቃጠል 69 ሜትር ኩብ አየር ይሄዳል፣ ይኸውም ለእሳቱ ብቻ። ሰዎቹም ይተነፍሳሉ እኮ!

አየር ሲያጥር እሳቱ ወዲያው ቢጠፋ ጥሩ ነበር። አይጠፋም። 2 ቡቴን በ13 ፈንታ 9 ኦክስጅን ብቻ ቢያገኝ፣ በወረቀት ላይ ካርቦኑ በሙሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ያን ያህል ባይደርስም እንኳ፣ በ1 ኪሎ ጋዝ ውስጥ ካለው 69 ሞል ካርቦን 1 በመቶው ወደ ሞኖክሳይድ ቢሄድ ደሴ ላይ 22 ሊትር ነው። በተዘጋ 30 ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሊትር አየር ከ700 ሊትር በላይ ይሆናል፤ በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችል መጠን ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የማገዶ ጭስ ቢያንስ ዓይን አቃጥሎ ያስወጣል፤ ይሄኛው ራስ ምታትና ድካም መስሎ ነው የሚመጣው። (በክረምት መስኮት ዘግታችሁ በከሰል ቡና የምታፈሉም ስሙኝ፤ ከሰልማ ይብሳል።)

ስለዚህ ከበጀቱ የምጠይቀው ይህን ነው። ግድግዳው ላይ ከላይም ከታችም የማይዘጋ፣ ወንፊት ሽቦ ብቻ የተወጠረበት ክፍተት ይውጣ። የታችኛው ለምን ቢባል፣ ቡቴን ከአየር ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ የላይኛው መስኮት አያወጣውም። ሲሊንደሮቹም ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር ይቀመጡ። ምድጃው ሲታዘዝ ለከፍታ ቦታ መሆኑ ይነገር፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለው በስስ አየር ላይ ጋዝ ያበዛል። ለአብሳዮቹ ደግሞ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን እንዳለበት፣ ቢጫ ሆኖ ድስት ማጥቆር ሲጀምር አጥፍተው መውጣት እንዳለባቸው በሥልጠና ይነገራቸው።

ገንዘቡ ካልበቃ ከምድጃዎቹ አንዱ ይቀነስ። የቀሩትም የሚላኩት ግድግዳው ተከፍቶ ፎቶው ከደረሰን በኋላ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።