ወተቱ ደርቆ ነው ወይስ በሩ ተዘግቶ?

ለባለትዳሮች የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ከአራሶች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ወተቴ ደረቀ» የሚል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ጎረቤት «አልጠገበም» ትላለች፣ አማት «ጡጦ ይገዛ» ይላሉ፣ አባት ሮጦ የዱቄት ወተት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ወተቱ በእርግጥም ይቀንሳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ያልታሰበ እርግዝና ሊከተል ይችላል። ሁለቱ ነገሮች ከአንድ ምንጭ እንዴት እንደሚነሡ ዛሬ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጡት ሳይሆን ከራስ ቅል ውስጥ ነው። ከአንጎል ሥር አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች። በፊተኛው ክፍሏ ያሉ ሴሎች ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ይሠራሉ፤ ይህ ጡት ወተት እንዲያመርት ያዛል። በኋለኛው ክፍሏ ኦክሲቶሲን ይከማቻል፤ እርሱ የተመረተውን ወተት ገፍቶ ያወርደዋል። ኦክሲቶሲን የሚሠራው ግን ከፍ ብለው አንጎል ውስጥ በሚገኙ የነርቭ ሴሎች ነው። የእነዚህ ሴሎች ረጅም ጭራ እስከ ዕጢዋ ይወርዳል።

ሆርሞኑ እንደተሠራ ወዲያው ለሥራ አይደርስም። መጀመሪያ የሚሠራው ረጅም ፕሮቲን ሲሆን፣ በዓይን በማይታዩ ከረጢቶች ይታሸጋል። ከረጢቱ በጭራው ውስጥ ሲጓዝ ውስጡ ይኮመጥጣል፤ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን እንደ መቀስ ይቆርጡታል፤ በመጨረሻ 9 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ኦክሲቶሲን ይገኛል። ጠላ ጋን ውስጥ ሳይበስል እንደማይጠጣ ማለት ነው።

የበሰለው ከረጢት ጭራው ጫፍ ላይ ደርሶ በር እስኪከፈት ይጠብቃል። የሴሉ ግድግዳ እጅግ ጠባብ በሮች አሉት፤ ሊቃውንት የአዮን መተላለፊያ ይሏቸዋል። አንዱ ሶዲየምን፣ አንዱ ፖታሲየምን፣ ሌላው ካልሲየምን ያሳልፋል። ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ከውስጡ 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ በሩ በተከፈተ ቅጽበት ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ሕፃኑ ሲጠባ ከጡት ጫፍ የተነሣው መልእክት አንጎል ይደርሳል። የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፤ የኤሌክትሪክ ሞገድ በጭራው ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ካልሲየም ሲገባ ከረጢቶቹ ከግድግዳው ጋር ተዋሕደው ያዘሉትን ኦክሲቶሲን ደም ውስጥ ያፈሳሉ። ወተቱም ይወርዳል።

የፕሮላክቲን ሴሎች ጠባይ ለየት ይላል። ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ስለሚሠሩ ልጓም ያስፈልጋቸዋል። ልጓማቸው ከአንጎል የሚመጣው ዶፓሚን ነው፤ የፖታሲየምን በር ያስከፍትና የካልሲየሙን ያዘጋል። ሕፃን ጡት ሲጠባ ልጓሙ ይላላል። በጡጦ ሲጠባ ግን እንደጠበቀ ይቆያል። ታዲያ ታሽጎ የተቀመጠው ፕሮላክቲን ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1966 ስሚዝና ፋርኳር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከምታጠባ አይጥ ግልገሎቿን ነጥለው ዕጢዋን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመሩ። ሴሎቹ ያከማቹትን ከረጢት ራሳቸው መልሰው ይፈጩት ነበር! ጠያቂ የሌለው ዕቃ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም።

ወንድሞቼ፣ ይህ ቀጥሎ ያለው እናንተንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ኒውተን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ አለ። የምታጠባው እናት ሚስትየዋ ራሷ ነበረች። እግሯን በረዶ ውኃ ውስጥ እንድትነክር፣ የሒሳብ ጥያቄም እንድትመልስ ሲደረግ ሕፃኑ የሚያገኘው ወተት በጣም ቀነሰ። ኦክሲቶሲን በመርፌ ሲሰጣት መልሶ ጨመረ። ወተቱ ጡቷ ውስጥ ነበረ፤ የቀረው የሚያወርደው ትእዛዝ ነው። «ወተትሽ አይበቃም» እያሉ አራስን ማስጨነቅ እንግዲህ ምን እንደሚያደርግ ገምቱት።

ልቅሶ ብቻውን የረሃብ ምልክት አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ክብደቱም ከጨመረ፣ በቅቶታል። ካልጨመረ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ አምጡት። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ዕጢዋ ተጎድታ ወተቱ ጨርሶ ላይመጣ ስለሚችል ሐኪም ማየት አለባት።

አሁን ወደ እርግዝናው። ያው የመጥባት መልእክት እንቁላል የሚያበስሉትን ሆርሞኖችም ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጣሊያን ውስጥ ቤላጂዮ ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት እንደተስማሙበት፣ የወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት ሌላ ምንም ካልቀመሰ፣ በእነዚያ 6 ወራት የማርገዝ ዕድሏ ከ100 ሴቶች ቢበዛ 2 ያህሉን የሚያጋጥም ነው። ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። የሌሊቱን በጡጦ የለወጠች እናት «እያጠባሁ ነው» ብላ ልትተማመን አይገባም።

ከሦስቱ አንዱ የጎደለ ዕለት፣ የሚቀጥለውን ወር ሳትጠብቁ ሁለታችሁም ኑ። ኮንዶም፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ፣ ክንድ ሥር የሚቀበረውና ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት ክኒን ለምታጠባ እናት ይስማማሉ፤ መቼ እንደሚጀመር ነርሷ ትነግራችኋለች። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ግን ከወሊድ በኋላ 6 ወር እስኪሞላ ለምታጠባ እናት አይመከርምና፣ ከጎረቤት ተውሳችሁ አትጀምሩ።