ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ሩቅ አገር አይደለም። ብዙዎቻችሁ ጧት ወደ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ፥ ማታም ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ስለምታቋርጡት ስለ ቸርችል ጎዳና ነው። ሰው ዕለት ዕለት የሚያልፍበትን ስፍራ፥ ይልቁንም የሥራ ሰዓት የሚያስቸኩለው እንደ ሆነ፥ አየሁት ይበል እንጂ አላየውም። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆመን ቁልቁል እንመልከት።

ከዚያ ከፍታ ላይ ጎዳናው ወደ ደቡብ ይወርድና ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ያበቃል። በላይኛው ራስ የከተማው አስተዳደር፥ በታችኛው ራስ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ሐዲድ ነበረ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ሲሆን፥ መንግሥት በተለወጠ ቍጥር የስንቱ መንገድ ስም ሲለወጥ ይህኛው ከሕዝብ አፍ ሳይጠፋ ቀርቷል።

ማዘጋጃ ቤቱን በ1950ዎቹ የነደፈው ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽም የእርሱ ሥራ ነው። ጥቂት ወረድ ሲሉ ቴዎድሮስ አደባባይ ይገኛል። በዚያ የቆመው መድፍ የሴባስቶፖል ምሳሌ እንጂ ራሱ ሴባስቶፖል አይደለምና፥ እንግዳ ቢጠይቃችሁ ዋናው በመቅደላ አምባ ላይ መሆኑን ንገሩት። ሊሴ ገብረ ማርያም በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ስሙ በወረራው ዘመን ለወደቁት አርበኛ ለገብረ ማርያም ጋሪ መታሰቢያ ነው። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፥ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን የተመረቀ ነው፤ ቁመቱም 50 ሜትር ነው። ለእኔ ዓይን ይህ ቁመት ለስፍራው ይበዛል። ነገር ግን ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የሚታሰቡበት ስለ ሆነ ስለ ዓይኔ ብዙ መናገር አይገባኝም።

ፖስታ ቤቱን እንለፈው፤ በዚያ የደብዳቤ ሣጥን ያለው ሁሉ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋልና። ብሔራዊ ቲያትርን ኢጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ቀርተው ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. ተፈጽሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተባለ። ከፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። ይህን አንበሳ ከለገሃሩ አንበሳ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። የለገሃሩ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፥ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ መድረሱን ሳያዩ ዐረፉ። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው በኅዳር ወር 1922 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ላ ጋር ቢሉት፥ የከተማው ሰው ለምላሱ እንዲመቸው ለገሃር አለው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፥ በዘውዱ በዓል ዋዜማ፥ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ከጣቢያው ፊት ቆመ። ከስድስት ዓመት በታች ቆይቶ፥ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ።

ጠላት ከተማውን ከያዘ በኋላ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው፤ ያቆመውም በዶጋሊ ሐውልት ሥር ነው። ዶጋሊ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ የኢጣሊያን ጭፍራ የደመሰሱበት ስፍራ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሐውልቱ ደግሞ ከሮማ ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ከጣቢያ ፊት የተማረከው አንበሳ በሌላ ጣቢያ አቅራቢያ፥ ለጠላት ሙታን መታሰቢያ እግር ሥር ተቀመጠ።

በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት በዚያ ስፍራ ጎራዴውን መዘዘ። ስለ ዕለቱ አድራጎት ሕዝብ የሚተርከውና የኢጣሊያ መዝገብ የሚለው አይስማማም፤ ትረካው ብዙ ሰው ገደለ ሲል መዝገቡ የሚናገረው ስለ ቆሰሉት ነው። የማያከራክረው ግን ከተያዘ በኋላ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1937 ዓ.ም. በሲሲሊ መሞቱ ነው። አንበሳው ከነጻነት በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ዘውዱ ከወረደ በኋላም፥ የንጉሥ ምልክት ነውና ይነሣ የሚል አሳብ በመጣ ጊዜ፥ አርበኞች ስለ ዘርዓይ ሲሉ እንዲቀር እንደ ለመኑ ይነገራል።

እነሆ፥ የጎዳናው ሁለት ራስ በእኛ ዘመን ተለውጧል። በላይ በኩል በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ በዚያው ሰሞን በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በታች በኩል፥ የጅቡቲ አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው ከከተማው ዳር በለቡ በኩል ሆኗል። ከተማ ይታደሳል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ከአድማጮቼ መካከል የቦታ ካርታና የማፍረሻ ትእዛዝ በጠረጴዛቸው ላይ የሚያልፍ አሉ። እነርሱን የምለምነው፥ ከመፈረማቸው በፊት በቁጥር ብቻ የተጻፈው ይዞታ በስም ምን ይባል እንደ ነበረ፥ ማንስ እንደ ሠራው ከሰፈሩ ሽማግሌ አንዱን ጠርተው እንዲጠይቁ ነው። አንበሳው በስፍራው የቀረው ተናጋሪ ስላገኘ ነው፤ ለአንድ ሱቅ ወይም ለአንድ ሰገነት ግን ተናጋሪ የለውም።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር በአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ያልፋል። የፌርማታው ስም ለገሃር ነው። በዚያ ከሚሳፈሩት ወጣቶች አንዱን ለገሃር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ብትጠይቁት፥ የሰፈር ስም ነው ይላችኋል።