የተሸነፈ ድምፅ የት ይገባል?

(ዲክሲስ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ከአሰላ ስመጣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስለ ፓርላማ ልናገር መምጣቴን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ መቶ እጅ በወጣበት አንድ እጅ ምን ይፈይዳል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እነሆ፣ ሳሰላስለው የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መልሴ አንድ ሰው ነው፤ እናንተ ኦቦ ቡልቻ የምትሏቸው አቶ ቡልቻ ደመቅሳ። በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። በዓለም ባንክ ሠርተዋል። የአዋሽ ባንክ መሥራችና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ቢጠጣ ማን ይወቅሰው ነበር? እሳቸው ግን ሰባ ዓመት አልፏቸው ኦፌዴንን መሠረቱ። በ1997ቱ ምርጫ ፓርቲያቸው ከ547 ወንበር 11 አገኘ።

ከዚያስ? አገር ታመሰ። «ፓርላማ ግቡ» ባዩና «አትግቡ» ባዩ ተፋጠጠ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጎረቤታሞች በዚሁ ተኳርፈው ሰላምታ ሲነፋፈጉ አስታውሳለሁ። ቡልቻ ገቡ። የጠበቃቸው ግን አጀንዳ ለማስያዝ እንኳ የአብላጫ ድምፅ ድጋፍ የሚጠይቅ ደንብ ነበር። አፍ አለህ፣ ግን አትናገር እንደማለት ነው!

በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ቀረበ። ተቃዋሚዎች ተሟገቱ። ውጤቱ 286 ለ 91፤ አዋጁ ጸደቀ። በ2002ቱ ምርጫ ከተቃዋሚው ጎራ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ በ2007 እሱም ጠፋ። የኦፌዴን ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት አቶ በቀለ ገርባ በ2008 ዓ.ም. በዚያው አዋጅ ተከሰሱ። «አይሆንም» የተባለው ሁሉ ደረሰ።

ታዲያ 91ዱ እጅ ባክኖ ቀረ? አልቀረም። በ2012 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት አዋጁን ሽሮ በሌላ ተካው። እርግጥ ነው፣ በመካከሉ ስንቱ ወህኒ ወርዷል፤ ያን ዕድሜ የሚመልስ የለም። ሆኖም ማንም «አልተነገረንም» ሊል አይችልም። ተነግሯል፤ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

ቡልቻ በ2017 ዓ.ም. አረፉ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እናንተ ግን የስንዴና የገብስ አገር ልጆች ናችሁ፤ ጎተራ ተዘግቶ ሲከርም ውስጡ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ለሽማግሌው ባገኛቸው እንዲህ እላለሁ፦ አባቴ፣ አንዱ እጅ የሚወጣው ዛሬ ለማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ ነገ ጥያቄ ሲነሳ ምስክር እንዳይጠፋ ነው።