የሞገድ ድርሻ፤ ጎረቤታም አገሮች አየሩን እንዴት ይካፈሉታል?

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ራዲዮ መሆኑን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስነግረው «ስለ ፕሮግራሙ ነው ወይስ ስለ መሣሪያው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሁለቱም አይደለም፤ ስለ ድርሻ ነው። አንድ አገር ለራዲዮ ጣቢያው የሚሆን ሞገድ ከየት ያገኛል? ማንስ ይሰጠዋል? ጎረቤቱ ያንኑ ሞገድ ቢይዝበት ለማን አቤት ይላል? እነዚህን ጥያቄዎች እስካሁን ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ትተንላቸዋል። እኔ ግን የሕግም የታሪክም የኢኮኖሚም ተማሪ ጉዳይ መሆናቸውን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ያደግሁት በጠረፍ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ቀን ቀን የአያቴ ራዲዮ ጥርት ብሎ ይናገር ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከዜናው ሥር ሌላ ድምፅ ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ በማናውቀው ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ፉጨት ነው። አያቴ ራዲዮውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና «ደግሞ እንግዳው መጣ!» ይሉ ነበር። ጥፋቱ የራዲዮው ይመስላቸው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ እዚህ ትምህርት ቤት ገብቼ ምክንያቱን ስማር፤ አያቴ ያን ምስኪን ራዲዮ በከንቱ ይመቱት እንደ ነበር አወቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካከለኛ ሞገድ በቀን የምድርን ገጽ ተከትሎ ይጓዛል፤ ወደ ሰማይ የወጣውን ክፍል ደግሞ በከፍታ ላይ ያለው አየር ውጦ ያስቀረዋል። ሲመሽ ያ የሚውጠው የአየር ክፍል ይሳሳል፤ ከእርሱ በላይ ያለውና ኤሌክትሪክ ያዘለው ንጣፍም ሞገዱን እንደ መስተዋት ወደ ምድር ይመልሰዋል። ስለዚህ በቀን ባካባቢው ብቻ የሚሰማ ጣቢያ በሌሊት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ ከሰው ቤት ይገባል። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ላይ ቢገናኙ ንግግር በንግግር ላይ ይደራረባል። በጥቂት ቢለያዩ ደግሞ ልዩነታቸው ራሱ ፉጨት ይሆናል፤ በመካከላቸው 1 ኪሎ ኸርትዝ ቢኖር በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚመላለስ ፉጨት ይሰማል ማለት ነው።

ይህን ነገር ከመስኖ ውሃ ጋር አመሳስለዋለሁ። የላይኛው ገበሬ ወንዙን ለብቻው ቢጠልፍ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። ስለዚህም ገበሬዎቹ የውሃ አባት ይመርጣሉ፤ እርሱም ተራ ያወጣል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል። የውሃ አባቱ ቃሉ የሚከበረው ነገ ተራው የማይደርሰው ሰው ስለሌለ ነው። በሞገድ ላይ ግን ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ላይኛና ታችኛ ገበሬ የለም። ጎረቤቴን የማላሰማ ከሆነ ጎረቤቴም እኔን አያሰማኝም፤ ሁለታችንም ጮኸን ሁለታችንም ሳንሰማ እንቀራለን።

ይህን መጀመሪያ በመከራ የተማሩት አውሮፓውያን ናቸው። አገሮቻቸው ጠባብና የተጠጋጉ ስለሆኑ፤ ስርጭት ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማታ ማታ አንዱን ጣቢያ ከሌላው መለየት አስቸገረ። በ1925 የየአገሩ የራዲዮ ድርጅቶች ተሰብስበው መቀመጫው ጄኔቭ የሆነ ዓለም አቀፍ የራዲዮ ኅብረት አቋቋሙ። በሬሞን ብራያር የሚመራው የቴክኒክ ኮሚቴም በ10 ኪሎ ኸርትዝ እየተራራቁ የሚቀመጡ 99 የሞገድ መስመሮችን መደበ። ከነዚህም 83ቱ እያንዳንዳቸው ለአንድ ጣቢያ ብቻ ተሰጡ፤ 16ቱን ደግሞ ተራርቀው የሚገኙ ደካማ ጣቢያዎች በጋራ እንዲይዟቸው ተወሰነ። እቅዱ በ1926 በኖቬምበር ወር ሥራ ላይ ዋለ። በብሩክሴልም የመቈጣጠሪያ ማዕከል ተቋቁሞ የየአገሩን ሞገድ እየለካ ከመስመሩ የወጣውን ያስታውቅ ነበር። እነሆ፤ የአውሮፓ የውሃ አባት ይህ ነበር።

ነገር ግን ጓደኞቼ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ድርሻው በምን ተለካ? መለኪያዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የአገሩ ስፋት፤ የሕዝቡ ብዛት፤ የቴሌግራምና የቴሌፎን ልውውጡ ብዛት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማንም የሚገቡ ናቸው። ሦስተኛው ግን አስቀድሞ ለበለጸገው ይጨምርለታል፤ ገና ሽቦ ላልዘረጋው ይቀንስበታል። ራዲዮ እጅግ የሚያስፈልገው ግን ጋዜጣና ስልክ ለማይደርስበት ሕዝብ ነበር። በሒሳብ የተጻፈ ድልድል ሁሉ ፍትሕ አለበት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ አሜሪካ ልሻገር፤ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚያ ነውና። በ1920ዎቹ አጋማሽ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትና ካናዳ ከነበሩት 96 መስመሮች 6ቱ የካናዳ ብቻ እንዲሆኑ፤ ጥቂቶቹም የጋራ እንዲሆኑ ተስማሙ። የቀረው ሁሉ የአሜሪካ ሆነ። ሜክሲኮና ኩባ ከማዕዱ አልተጠሩም። ስምምነቱ በሁለቱ ወዳጆች መካከል እንኳ አልጸናም ነበር። በ1926 አንድ የቺካጎ ጣቢያ ለካናዳ በተተወ ሞገድ ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና፤ በጊዜው በነበረው ሕግ የንግድ ሚኒስትሩ ጣቢያውን ከዚያ ሞገድ ለማስለቀቅ ሥልጣን እንደሌለው ተፈረደ። ወዲያው ሌሎች ጣቢያዎች ወደ ወደዱት ሞገድ ዘለሉ። አሜሪካም በ1927 የራዲዮ ሕግ እስክታወጣ ድረስ አየሩ የገበያ ግርግር ሆነ። ከጎረቤት ጋር የተገባውን ቃል ለመጠበቅ በመጀመሪያ የቤት ውስጥ ሕግ ያስፈልጋል። የሕግ ተማሪዎች ይህን ልብ ይበሉልኝ።

የሜክሲኮ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በካንሳስ ጆን ብሪንክሊ የሚባል ሰው ነበር፤ የፍየል ዕጢ በሰው ላይ በመትከል ኃይል እመልሳለሁ እያለ በራዲዮው ሕዝብን የሚያታልል። በ1930 የአሜሪካ መንግሥት የራዲዮ ፈቃዱን ከለከለው። እርሱም ድንበሩን ተሻግሮ በ1931 በሜክሲኮ ጠረፍ ከተማ በቪያ አኩኛ ትልቅ ጣቢያ ተከለ። ኃይሉም ኋላ እስከ 500 ኪሎ ዋት እንደ ደረሰ ይነገራል። ሌሎችም ተከተሉት። ማታ ማታ የአሜሪካ ጣቢያዎች ድምፅ በነዚህ የጠረፍ ጣቢያዎች ጩኸት ይሸፈን ጀመር። አሜሪካኖቹ አቤት ቢሉ የሜክሲኮ መንግሥት ለመስማት አልቸኮለም። ለምን ይቸኩላል? ድርሻ ያልሰጡትን ሰው የድርሻ ሕግ አክብር ብሎ መውቀስ አይቻልም። በ1933 በሜክሲኮ ከተማ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተለያዩ።

መፍትሔው የመጣው በ1937 በሀቫና ነው። አሜሪካ፤ ካናዳ፤ ሜክሲኮ፤ ኩባ፤ የዶሚኒካን ሪፑብሊክና ሃይቲ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ለሜክሲኮም በሌሊት ሌላ ጣቢያ የማይጋፋባቸው 6 ሞገዶች ተሰጧት። በማርች 29 ቀን 1941፤ በአንድ ሌሊት፤ በአሜሪካ ብቻ 800 ገደማ ጣቢያዎች ሞገዳቸውን ለወጡ። የብሪንክሊም የጠረፍ ጣቢያ በዚያው ዓመት በሜክሲኮ መንግሥት ተዘጋ። በቁጣና በአቤቱታ ለዘለቄታው ያልተዘጋው ጣቢያ፤ ጎረቤት ድርሻውን ሲያገኝ ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፤ በ1948፤ አውሮፓውያን በኮፐንሃገን የመካከለኛውንና የረጅሙን ሞገድ እንደገና ሲደለድሉ፤ የተሸነፈችውና የተያዘችው ጀርመን ለራሷ የምትከራከርበት ድምፅ አልነበራትም። የደረሷትም ሞገዶች ጥቂትና ደካማ ነበሩ። ጀርመኖች ግን በልቅሶ አልተቀመጡም። በጣም አጭር ወደሆነው፤ ዛሬ ኤፍ ኤም ወደምንለው ሞገድ ዞሩ። ይህ ሞገድ ከአድማስ ብዙም ስለማያልፍ፤ ያንኑ ቁጥር ራቅ ባለ ስፍራ ደግሞ መጠቀም ይቻላል፤ ድምፁም የጠራ ነው። በ1949 መጀመሪያ በሙኒክና በሀኖቨር ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በዚህ ሥራ ከአውሮፓ ግንባር ቀደም ሆኑ። የተነፈጉት ነገር ወደ ተሻለው መንገድ መራቸው። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ለመጽናኛ ብቻ አንውሰደው። ሌላ መንገድ ለመክፈት የቻሉት መሐንዲስና ፋብሪካ ስለ ነበራቸው ነው። እነዚህ የሌሉት አገር ቢነፈግ ተነፍጎ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1865 በፓሪስ ለቴሌግራም ተብሎ የተመሠረተውና ዛሬ የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚባለው ድርጅት፤ ኢትዮጵያን በአባልነት የያዘው ከ1932 ጀምሮ ነው። አፍሪቃውያን ስለ መካከለኛ ሞገድ በጄኔቭ በ1964 ሲሰበሰቡ፤ ደቡብ አፍሪቃና ፖርቱጋል ባሉበት አንሠራም የሚል ክርክር ተነሥቶ ጉባኤው ሳይፈጽም ተበተነ፤ ሥራው የተፈጸመው በ1966 ነው። በ1975 ደግሞ አውሮፓ፤ አፍሪቃ፤ እስያና የፓሲፊክ አገሮች በአንድነት ተቀምጠው፤ በየመስመሩ መካከል 9 ኪሎ ኸርትዝ እንዲሆን ወሰኑ። ከኖቬምበር 23 ቀን 1978 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ማስረጃውን ከፈለጋችሁ ከቤታችሁ ታገኙታላችሁ። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ራዲዮ ለብዙ ዘመን የተሰማበትን 873 ለ9 አካፍሉት፤ 97 ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም። በአያቴ ራዲዮ ላይ የነበረው ቁጥር በጄኔቭ አዳራሽ ውስጥ ተቈጥሮ የመጣ ነው።

ኤፍ ኤምም ቢሆን የራሱ ስምምነት አለው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርትዝ ያለው በ1984 ለአውሮፓ፤ ለአፍሪቃና ለመካከለኛው ምሥራቅ በጄኔቭ ተደልድሏል። የዲጂታል ቴሌቪዥንም እቅድ በ2006 እዚያው ተወስኗል። አንድ አገር በጠረፉ አጠገብ አዲስ ጣቢያ ሊተክል ቢፈልግ፤ ቦታውን፤ ኃይሉን፤ የምሰሶውን ከፍታ ጽፎ ለሚነካው ጎረቤት ያስታውቃል። ጎረቤቱም በተወሰነው ቀን ውስጥ መርምሮ ይመልሳል። በዚህ ሥነ ሥርዓት ውስጥ መልስ ሳይሰጡ መቅረት እንደ መስማማት የሚቈጠርበት ቦታ አለ። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። በሞገድ ጉዳይ ግን ዝም ይነቅዛል። ደብዳቤው መጥቶ በመሳቢያ ውስጥ ቢያድር፤ ሞገዱ ከእጃችን ይወጣል።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «ብርቱ መንግሥት ስምምነቱን ቢጥስ ማን ያስገድደዋል?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኅብረቱ ወታደር የለውም። መንግሥታት ሲጣሉ አንዱ የሌላውን ጣቢያ ሆን ብሎ በጩኸት እንደሚያፍንም እናውቃለን። ይህን የሚከለክል ቃል በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ ውስጥ ተጽፎ ሳለ ይደረጋል። ሆኖም ይህ የደንቡን ከንቱነት አያሳይም። ሌባ ስላለ የመሬት ወሰን አይቀርም። በየዕለቱ ያለ ጠብ የሚሠሩት ጣቢያዎች በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ስለማይጣሉም ስማቸው በጋዜጣ አይወጣም።

ሌላው ደግሞ «ዛሬ ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ራዲዮ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። በኪሱ ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ራሱ የራዲዮ ማሠራጫና መቀበያ ነው፤ በጠረፍም ላይ ከጎረቤት ስልክ ጋር በዚሁ ሕግ ይዳኛል። ለገበሬውም ቢሆን ዝናቡንና የገበያውን ዋጋ የሚነግረው በባትሪ የሚሠራው ራዲዮ ገና አልተሻረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከተናገርሁት ሁሉ ሦስት ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። አንደኛ፤ ከድልድል የተገለለ ጎረቤት ድልድሉን አያከብርም፤ ስለዚህ ታናሹንም መጥራት ለታላቁ ይጠቅመዋል። ሁለተኛ፤ በቤቱ ሕግ የሌለው አገር በውጭ የገባውን ቃል ሊጠብቅ አይችልም። ሦስተኛ፤ ድርሻ የሚገኘው በልመናም በቁጣም አይደለም፤ ለክቶ፤ መዝግቦ፤ በጊዜው መልስ በመስጠት ነው። በጄኔቭ ጠረጴዛ ላይ ካርታና ቁጥር ይዞ የቀረበ ይሰማል፤ ባዶ እጁን የቀረበ ያዳምጣል።

ካርታውንና ቁጥሩን የሚሠራው ማነው? ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ መሐንዲስ፤ የሕግ ዐዋቂ፤ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሚሆነው ነው። አያቴ «እንግዳው መጣ» እያሉ ራዲዮውን መቱ፤ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። እኛ ግን እንግዳው ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ አቤቱታውም በየትኛው ወረቀት እንደሚጻፍ ልናውቅ ይገባናል። ዐውቀን ብንተወው ጥፋቱ የራዲዮው ነው ለማለት አንችልም።